ጥቁር ጭስ፣ የረጠበ ካንዴላ፣ ቸርችልን የማትወጣ ቬስፓ

የጎላ_ልጅ · መስከረም 24፣ ማታ 2፡40

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የቤቱ ሰዎች።

ቬስፓ አለችኝ። 150 ስፕሪንት ቬሎቼ፣ እ.ኤ.አ. የ1974 ስሪት። የአጎቴ ነበረች። ዓይኑ ሲደክም ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝና «ድሮ ስሟን ስጠራት ትነሳ ነበር» አለኝ። ለእኔ ግን ስሟን ብጠራም ብለምናትም አስር ጊዜ ሳልረግጣት አትነሳም።

ዋናው ችግር ዳገት ነው። ከለገሃር በቸርችል ወደ ማዘጋጃ ስወጣ ፖስታ ቤቱን እንዳለፍኩ ትታፈናለች። ቡ ቡ ቡ እያለች ቴዎድሮስ አደባባይ በሁለተኛ ማርሽ እንደርሳለን። ከኋላዬ ያለው ታክሲ ጥሩንባውን ይነፋል፣ እኔ ጭሱን እነፋለሁ። ካንዴላውን ስፈታው ጥቁርና እርጥብ ነው፣ የጀበና ቂጥ ይመስላል። በዚህ ወር ብቻ ሁለት ቀይሬያለሁ።

አንድ ጋራዥ ወስጃት ነበር። ባለሙያው አንዴ አስነሳና አጠፋ። «ፒስቶንና ፋሻ ነው» አለኝ። ሳይከፍት! ዋጋውን ስሰማ ገፍቼ ወደ ቤት ተመለስኩ። አሁን ግቢያችን ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ናት። ካቻቢቴ፣ ፒንሳና አንድ ሳጥን ቁልፍ አለኝ። የጣልያንኛ መመሪያዋም በፎቶ ኮፒ አለ። ጣልያንኛ አልችልም፣ ግን ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ጎማ እያልኩ ግማሹን አነበዋለሁ። ከየት ልጀምር?


ካቻቢቴ · መስከረም 24፣ ማታ 3፡05

ሦስት ነገር ንገረን። ቤንዚንና ዘይቱን በምን መጠን ትቀላቅላለህ? ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለው ዋናው ጂግለር (ቤንዚን የሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ብሎን) ላይ ምን ቁጥር ተጽፏል? ፑንቲናውን (እየተከፈተና እየተዘጋ የካንዴላውን እሳት የሚያስነሳውን) መቼ አየኸው?


አቢ_ቦሌ · መስከረም 24፣ ማታ 3፡11

ሽጣትና ኤሌክትሪክ ግዛ ወንድሜ። ነዳጅ ወረፋ የለ፣ ካንዴላ የለ።


የጎላ_ልጅ · መስከረም 24፣ ማታ 3፡30

አቢ፣ አጎቴ ይህን ካነበበ ሁለታችንንም ይረግመናል።

ካቻቢቴ፣ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ዘይት። በመርፌ ሲሪንጅ ነው የምለካው። ጂግለሩን ነገ በብርሃን አያለሁ። ፑንቲና የት እንዳለ አላውቅም።


ካቻቢቴ · መስከረም 24፣ ማታ 3፡42

20 ሚሊ ትክክል ነው፣ መቶ እጅ ሁለት። ብዙ ሰው «ሞተሩ እንዳይጎዳ» እያለ እጥፍ ይጨምርና ራሱ ያፍነዋል።

ፑንቲናው ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ሥር ነው። ቮላኖው ላይ መስኮት አለልህ። ቀስ ብለህ አዙረውና ፑንቲናው ሙሉ ሲከፈት በመስኮቱ ለካው። መለኪያው 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ ይሁን። ጫፎቹ ከተቃጠሉ ወይም ሰማያዊ ከሆኑ ኮንደንሰሩን ጠርጥር።


ጋሽ_ካምቢዮ · መስከረም 25፣ ጠዋት 1፡15

ልጄ፣ መጀመሪያ ቬስፓዋን አትውቀስ። እሷ የተሠራችው ጣልያን፣ ፖንቴዴራ ነው። ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ የማትል ዝቅተኛ ከተማ ናት። አንተ የምትነዳት 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ከዚያ በሩብ ያህል ይሳሳል። ካርቡራቶሩ ይህን ከየት ይወቅ? የጂግለሩ ቀዳዳ ያው ነው። አየሩ ቀነሰ፣ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አልቀነሰም። የተረፈው ቤንዚን ሳይቃጠል ካንዴላህን ያጠቁረዋል። ዳገት ላይ ጋዙን ሙሉ ስትከፍት ደግሞ ዋናው ጂግለር ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ እዚያ ትታፈናለች።

ጂግለሩ ላይ ያለው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር መቶኛ። 102 ካለ 1.02 ሚሊሜትር ማለት ነው። ለዚህ ከፍታ ከመቶ ስድስት ያህል አሳንስ። 102 ከሆነ 96 ሞክር።

ማስጠንቀቂያ። ወደ አዋሽ የምትወርድ ከሆነ ትልቁን መልሰህ ግጠም። ቆላ ላይ አየሩ ይወፍራል፣ በትንሹ ጂግለር ቤንዚን ያጥራታል። ዘይቷ ደግሞ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም አነሰ ማለት ነው። ያኔ ፒስቶኑ ይግልና ሲሊንደሩን ይነክሳል። እኔ አንዴ ወለንጪቲ አጠገብ ነክሶብኝ በጭነት መኪና ተመልሻለሁ።

ከፍታው የወሰደውን ጉልበት ግን ማንም አይመልስልህም። የአጎትህ «ድሮ» ትንሽ ጨው ተጨምሮበታል።


የጎላ_ልጅ · መስከረም 26፣ ከሰዓት 10፡20

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉት ነው!

የጎኑን ሆድ አወለቅኩ፣ የካርቡራቶሩን ሳጥን ክዳን ፈታሁ፣ የአየር ማጣሪያውን በሁለት ብሎን አነሳሁ። ጂግለሩ ከላይ በካቻቢቴ ይፈታል። አንድ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሦስት ነገር ተደራርቦ ነው። ከላይ 160፣ መካከል ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቱቦ፣ ከታች 102። ከታች ያለው ነው አይደል ዋናው?

ፑንቲናውን 0.6 ሆኖ አገኘሁት። ወደ 0.4 አመጣሁት። አሁን በሦስተኛ ርግጫ ትነሳለች።

96 ግን የት ይገኛል? ሰፈር ውስጥ አንዱ «ያለውን በሳልዳቶ ደፍነን በቀጭን መብሻ እንበሳው» ብሎኛል።


ጋሽ_ካምቢዮ · መስከረም 26፣ ማታ 1፡00

አዎ፣ ከታች ያለው ነው። ስለ መብሻው አይሆንም! የምናወራው ስለ መቶኛ ሚሊሜትር ስድስቷ ነው። የሰውዬው መብሻ ራሱ ከዚያ በላይ ይወላገዳል።


ማሂ_ፒያሳ · መስከረም 26፣ ማታ 1፡25

እኔ ጋ 96 አለ፣ አንድ 98 ደግሞ ተጨማሪ። በክብሪት ቀፎ ውስጥ ናቸው። ከአባቴ ፒኤክስ ቬስፓ የተረፉ። ቡና ከጋበዝከኝ ላንተ። ነገ ከሥራ በኋላ ሰባ ደረጃ ጋ ነኝ።


የጎላ_ልጅ · መስከረም 29፣ ማታ 3፡00

ማሂ፣ ቡናው ሁለት ይሁንልሽ።

ዛሬ ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁ! ካንዴላው ጀበና መሆኑን ትቶ ለስለስ ብሎ የተቆላ ቡና መስሏል። አጎቴን ከኋላ አስቀምጬ ፒያሳን አዞርኩት። ዶሮ ማነቂያ ጋ ሲደርስ «ይህ የት ነው?» አለኝ። ድሮ ቬስፓዋን የሚያሠራው እዚያ ነበር። ሰፈሩ ፈርሶ መንገዱ ሰፍቶ አያውቀውም። ዝም ብለን ትንሽ ቆመን ተመለስን።

ክሩን ልዝጋው መሰለኝ።


አቢ_ቦሌ · መስከረም 29፣ ማታ 3፡20

እሺ፣ አሁን ዋጋዋ ጨምሯል። አሁን ሽጣት።


የጎላ_ልጅ · ጥቅምት 14፣ ጠዋት 2፡10

ክሩን መልሼ ከፈትኩት፣ ይቅርታ።

ዳገቱን ትወጣለች። ጥቁር ጭሱም ጠፍቷል። አሁን ግን ጠዋት ጠዋት ሌላ ጭስ መጣ። ነጭ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። እንደ ጥቁሩ ቶሎ አይበተንም፣ ግቢው ውስጥ ይንሳፈፋል። እትዬ ጎረቤታችን ያሰጡትን ልብስ ሁለት ጊዜ አጥበዋል። ለእኔ የቀረልኝ ሰላምታም ቀዝቅዟል። ካንዴላው ቡናማ ቢሆንም በዘይት ይርሳል። ጂግለሩን ይበልጥ ላሳንሰው?


ካቻቢቴ · ጥቅምት 14፣ ጠዋት 2፡50

ቅይጡ ላይ ዘይት በዝቶ ይሆናል። ሲሪንጁን መልሰህ እየው።


ማሂ_ፒያሳ · ጥቅምት 14፣ ጠዋት 3፡05

ጂግለሩን አትንካ! አንድ ጥያቄ ብቻ። የካምቢዮ ዘይቷን መቼ ለካህ?


የጎላ_ልጅ · ጥቅምት 14፣ ጠዋት 3፡20

መስከረም መጨረሻ ላይ ቀየርኩት እንጂ ከዚያ ወዲህ አለካሁም። ሩብ ሊትር ጨምሬያለሁ። የልጄ ጡጦ ላይ 250 ሚሊ የሚል መስመር አለ፣ በሱ ነው የለካሁት። (አዲስ ጡጦ ተገዝቷል፣ አትጨነቁ።)


ማሂ_ፒያሳ · ጥቅምት 14፣ ጠዋት 3፡28

ዛሬ አፍስሰውና በዚያው ጡጦ መልሰህ ለካ። ማታ ደግሞ ሥሯ ንጹሕ ካርቶን አንጥፍ። አሽትተውም።


የጎላ_ልጅ · ጥቅምት 15፣ ጠዋት 1፡40

የገባው 250። የወጣው 140። ትንሽ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ካርቶኑ ላይ አንዲት ጠብታ የለችም።

110 ሚሊ ዘይት በሁለት ሳምንት ገደማ የት ገባ?


ማሂ_ፒያሳ · ጥቅምት 15፣ ጠዋት 2፡00

እትዬ ልብስ ላይ።

ቁም ነገሩን ልንገርህ። በአባቴ ሞተር ላይ አይቼዋለሁ። ክራንክሻፍቱ (ፒስቶኑ የሚያዞረው ዘንግ) በፍሪሲዮን በኩል የሚወጣበት ቦታ ላይ ኦይል ሲል የሚባል የላስቲክ ቀለበት አለ። በአንድ ወገኑ ፒስቶኑ የሚስበው አየርና ቤንዚን፣ በሌላው ወገን የካምቢዮ ዘይት ነው። ላስቲኩ ሲደርቅ ሞተሩ በሳበ ቁጥር ዘይቱን አብሮ ይስባል። ያ ነው ነጩ ጭስ። መሬት ላይ የማይንጠባጠበውም በማርሚታው ስለሚወጣ ነው።

ከቮላኖው በኩልም ሌላ ሲል አለ። እሱ ሲበላሽ ጠባዩ የተለየ ነው። ከውጭ አየር ይስብና ሞተሩ ጋዝ ሳትሰጠው ይጮኻል። ያኛው ቮላኖውን አውልቀህ በዚያው በኩል ይቀየራል። የፍሪሲዮኑ ግን...


የጎላ_ልጅ · ጥቅምት 15፣ ጠዋት 2፡12

ግን ምን? አትጨርሺውም እንዴ?


ጋሽ_ካምቢዮ · ጥቅምት 15፣ ጠዋት 2፡30

ግን ሞተሩ ለሁለት መከፈል አለበት። እሷ ለመናገር ፈርታ ነው።

ማሂ ልክ ናት። ልጄ፣ መመሪያህን አውጣና «ፓራኦሊዮ» የሚል ቃል ፈልግ። «ላቶ ፍሪትሲዮኔ» የሚልም አብሮት ታያለህ። የፍሪሲዮን ወገን ማለት ነው። አንተ የምታነበው ጋራዥ የደረሰውን ጣልያንኛ ብቻ ነው። ይህ ቃል ወደ አንተ ሳይደርስ ኦይል ሲል ቀደመው።

ሞተሯ ቆማ ታውቃለች?


የጎላ_ልጅ · ጥቅምት 15፣ ጠዋት 2፡44

አዎ ጋሼ። በ2011 መጨረሻ ከተማው ሞተር ሲያግድ ሸራ ለብሳ ቆመች። ከዚያ የአጎቴ ዓይን፣ ከዚያ የእኔ ስንፍና። አራት ዓመት ገደማ። ፓራኦሊዮውንም አገኘሁት። ገጹ ላይ የአጎቴ የዘይት አሻራ አለ፣ እሱም ቀድሞ ደርሶበት ነበር ማለት ነው።


ጋሽ_ካምቢዮ · ጥቅምት 15፣ ማታ 1፡30

በቃ፣ ላስቲኩ ያኔ ነው የደረቀው።

አትፍራ። ይህ ሞተር ከአካሏ ለመውረድ በጣም ቀላል ነው። የነዳፊዋ ሙያ አውሮፕላን ነበር፣ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1946 ሲሠራት ሰንሰለት የላት፣ ሞተሩና የኋላ ጎማው አንድ ላይ ናቸው። የፊት ጎማዋም እንደ አውሮፕላን ጎማ በአንድ ወገን ብቻ ነው የተያዘው። ስለዚህ የነዳጁን ቱቦ፣ የጋዙን፣ የፍሪሲዮኑን፣ የማርሹንና የፍሬኑን ገመዶች፣ የመብራቱን ሽቦዎች ትፈታለህ። የኋላውን አሞርዛቶር ታላቅቃለህ። ከዚያ አንዱን ረጅም ቡሎን ስትስበው ሞተሩ መሬት ላይ ይወርዳል። አካሏን በድንጋይ ሳይሆን በጥሩ እንጨት ደግፋት።

ሁለት ልዩ መፍቻ ያስፈልግሃል። አንዱ የቮላኖ መንቀያ፣ ሌላው የፍሪሲዮኑን ባለ ጥርስ ዳዶ የሚይዝ ቁልፍ። እነዚህን በመዶሻና በስለት አትተካቸው። ሰው ሲተካቸው ያየሁትን ጉድ ብነግርህ ቁርስ አትበላም።

አሁን ዋናው። ቡሎኖቹን ሁሉ ፈተህ ሞተሩ አልከፈት ይልሃል። ሁሌም ይላል። ያኔ እጅህ ወደ ካቻቢቴው ይሄዳል። መካከሉ ሰክተህ ልትፈለቅቅ። እጅህን እሰረው! እዚህ ሞተር ላይ የመግቢያው ቫልቭ ክራንክሻፍቱ ራሱ ነው። ክብ ጎኑ ከሞተሩ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ እየዞረ መግቢያውን ይከፍታል ይዘጋል። ግድግዳው ላይ በጥፍርህ የምትዳስሰው ጭረት ካወጣህ ሞተሩ ለዘለዓለም ያፈሳል። ጓርኒሲዮን አያድንህም። በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን እየዞርክ ቀስ ብለህ ምታ። ካልሆነ ቡና ጠጣና ተመለስ። ምናልባት የረሳኸው ቡሎን አለ።

ስለ ቡና ካነሳን። ዕቃውን በቤንዚን አትጠብ። ግቢ ውስጥ ከሰል የሚነድ ከሆነ በፍጹም። በነጭ ጋዝ እጠብ፣ እሱንም ከእሳት አርቀህ።


ካቻቢቴ · ጥቅምት 15፣ ማታ 2፡00

ሲሉን ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሶማሌ ተራ ሂድ። ጠርዙ ላይ ሦስት ቁጥር ተጽፏል። የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። ሦስቱም ይግጠሙ። «ይሄም ይሆናል» ካሉህ ውጣ።

የህንድ ዕቃም ጠይቅ። ባጃጅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቬስፓን በፈቃድ ይገጣጥም ነበር፣ ቼታክ የምትባለው ስኩተሩም የስፕሪንት ልጅ ናት። ብዙ ዕቃ ይጋራሉ። እኛ ባጃጅ ስንል ባለ ሦስት እግሯን ብቻ ነው እንጂ ዘመድ ናቸው።


የጎላ_ልጅ · ጥቅምት 27፣ ማታ 4፡15

ሞተሩ ተከፍቷል። የምጽፈው በአንድ እጅ ነው፣ ሌላው አልጸዳም።

ጋሼ፣ እንዳሉት አልከፈት አለኝ። እንዳሉትም እጄ ወደ ካቻቢቴው ሄደ። ቃልዎ ትዝ አለኝና አስቀመጥኩት። ባትሪ ይዤ ዙሪያውን ስፈልግ ከታች በኩል በጭቃና በዘይት የተሸፈነች አንዲት ዳዶ አገኘሁ። ከፈታኋት በኋላ ሦስቴ በእንጨት መታሁት፣ ተላቀቀ። ግድግዳውን በጣቴ ዳሰስኩት። እንደ ብርጭቆ ለስላሳ ነው።

ሲሉ ድርቆሽ ሆኗል። ከንፈሩን በጣቴ ስጫነው ተሰበረ። ሌላም ነገር አየሁ። ከማርሾቹ መካከል ያለው የመስቀል ቅርጽ ብረት አራቱም ጫፎቹ ተልጠዋል። መመሪያው «ክሮቼራ» ይለዋል። ይህን ቃል አውቀዋለሁ! የመኪና ክሮቼራ ነው የመሰለኝ፣ ለካ ትርጉሙ መስቀለኛ ነው። አልፎ አልፎ ሁለተኛ ማርሽ ትተፋ ነበር፣ የእጄ ጥፋት ይመስለኝ ነበር።


ማሂ_ፒያሳ · ጥቅምት 27፣ ማታ 4፡30

ክሮቼራውን ቀይር፣ ተከፍቶ እያለ። ኩሽኔታዎቹንም። ሁለተኛ መክፈት አትፈልግም።


የጎላ_ልጅ · ኅዳር 6፣ ማታ 2፡00

ሁሉም ተቀየረ። ሲሉ ከሶማሌ ተራ፣ በሦስተኛው ሱቅ። ክሮቼራው የህንድ ነው፣ ልክክ ብሎ ገባ።

ኩሽኔታው አልገባ ብሎኝ ነበር። አዲሱን ኩሽኔታ ሌሊቱን ፍሪዘር ውስጥ አሳደርኩት። የሞተሩን ግማሽ ደግሞ ባለቤቴ የጣለችው አሮጌ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ አስቀምጬ አሞቅኩት። የውሃ ጠብታ ሳደርግበት «ችስስ» ሲል አነሳሁት። ኩሽኔታው እንደ ድንጋይ ወደ ጉድጓድ ጠብ አለ። ምንም አልመታሁም። ባለቤቴ ግን «ምጣዱ ተበላሽቷል ያልከው አንተ ነህ፣ ይኸው ይሠራል አይደል» ብላኛለች። እሱ ጉዳይ በሌላ ክር ይታያል።

በሁለተኛ ርግጫ ተነሳች። መጀመሪያ ማርሚታው ውስጥ የተጠራቀመው አሮጌ ዘይት ለአስር ደቂቃ ጨሰ፣ ልቤ ወደቀ። ከዚያ ጠራ። እትዬን ጠርቼ አሳየኋቸው። «አሁን የሰው ልጅ ሆነች» አሉ።


ጋሽ_ካምቢዮ · ኅዳር 6፣ ማታ 2፡25

ጎበዝ። የመጀመሪያውን 500 ኪሎ ሜትር አታስጨንቃት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዘይቱን መልሰህ ለካና እዚህ ጻፍ።


የጎላ_ልጅ · ኅዳር 28፣ ጠዋት 2፡30

የገባው 250። የወጣው 240።


ማሂ_ፒያሳ · ኅዳር 28፣ ጠዋት 2፡34

10ሯ ጡጦው ላይ ተጣብቃ ቀርታ ነው።


አቢ_ቦሌ · ኅዳር 28፣ ጠዋት 2፡51

ካልሸጥካት አንድ ቅዳሜ ልንዳት?


የጎላ_ልጅ · ኅዳር 28፣ ጠዋት 2፡53

ቁልቁል ብቻ።